የመጽሐፍ አርታኢ ሆኜ በግሌ ልሠራ ብል ከየት ልጀምር?

ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ባልደረባዬ የአጫጭር ልብ ወለዶቹን ረቂቅ እንዳይለት ሰጠኝ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ተቀምጬ ሠራሁለት። መጽሐፉ ታተመ። ምስጋናው ላይ ስሜ አለ። ገንዘብ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች ረቂቅ ይዘው መጡ። ሦስቱም በነጻ የምሠራ መስሏቸው ነው። ሥራውን ከልቤ ወድጄዋለሁ። ሌሊቴን በነጻ መስጠቱን ግን መቀጠል አልችልም። ይህን ሥራ እንጀራዬ ብላችሁ የያዛችሁ እንዴት ጀመራችሁት? ስንት ይጠየቃል? ስም የሌላትን ሰውስ ማን ያምናል?

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። 23 መልስ መጥቷል። ውይይቱ ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው መሀል ላይ እየጠፋ ነው። ስለዚህ የተባለውን በተራ ቁጥሩ ላውጋችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። የገባኝን ነው የምጽፈው።

1ኛው በርቺ እህቴ የሚል ነው። አመሰግናለሁ።

ቁም ነገሩ የተጀመረው ከ2ኛው ነው። የጻፈችው አዲስ አበባ ሆና ለአሳታሚዎችም ለግል ደራሲዎችም የምትሠራ አርታኢ ናት። ከመመለሷ በፊት መልሳ ጠየቀችኝ። ለባልደረባዬ የሠራሁት እርማት ነበር ወይስ አርትዖት? መልስ አጣሁ። ሁለቱን ለያይቼ አስቤ አላውቅም ነበር። እሷ በሦስት ትከፍለዋለች። እርማት ገጹ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ነው። የፊደል ግድፈት፣ የተሳሳተ ነጥብ፣ የተዘለለ መስመር ይለቀምበታል። የቋንቋ አርትዖት ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይገባል። የተንዛዛውን ያሳጥራል፣ ባለቤቱና ግሱ የተጣሉበትን ያስታርቃል። የይዘት አርትዖት ደግሞ ምዕራፍ ያዛውራል። ልጅቷ እናቷን ጥላ ለምን እንደሄደች ደራሲውን ይጠይቃል። ፊደሉን ብቻ እይልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱንም በአንዱ ዋጋ እንደሚጠብቅ ነገረችኝ። ስለዚህ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ከረቂቁ መሀል ሦስት ገጽ ትወስዳለች። ከመጀመሪያው አትወስድም። መጀመሪያውን ደራሲው ሃያ ጊዜ አሽቶታል። መሀሉ ላይ ነው ድካሙ የሚታየው። ሦስቱን ገጽ ሠርታ ትልካለች። ያኔ ደራሲው የሚገዛውን ያያል፣ እሷም የምትገባበትን ታውቃለች።

ሌላ ምንም ባይመጣ ኖሮ እንኳ ይህ ይበቃኝ ነበር።

3ኛውን የጻፉት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ። ያኔ ጽሑፍ የሚለቀመው ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ነበር፣ አንድ በአንድ። እርማቱን የሚሠሩት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር እየጠራ። ሌላው እርሳስ ይዞ የታተመውን ናሙና ይከተላል። ብቻዬን ስሠራም ጮክ ብዬ እንዳነብ መከሩኝ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሰውየው ይበላል ተብሎ ቢጻፍ የሚበላው እሱ ይሁን ወይ አውሬ ሊበላው ይሁን ዓይን አይለየውም። አፍ ግን አንዱን ሳይመርጥ ማለፍ አይችልም።

እግረ መንገዳቸውንም አረሙኝ። ጥያቄዬን መጀመሪያ ስለጥፍ ሊቃውንቶች ብዬ ጽፌ ነበር። ሊቅ ሲበዛ ሊቃውንት ነው፤ ሁለተኛ ማብዣ አይሻም። መምህራኖች፣ ካህናቶች፣ ሕፃናቶችም እንደዚሁ። በአክብሮት ነው የነገሩኝ፣ ግን አፈርኩ። በማግስቱ የትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መምህራኖች የሚል ሦስት ወረቀት ቆጠርኩ። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ሰሌዳ ሥር አልፌአለሁ።

4ኛውና 5ኛው ስለ ዋጋ ተከራከሩ። አንዱ በገጽ፣ ሌላው በቃል ማስከፈል ይሻላል ባይ ነው። የ5ኛው ምክንያት አሳማኝ ሆነብኝ። በገጽ ተስማምቶ 120 ገጽ ተቀበለ። ከፍቶ ሲያየው ፊደሉ 9 ነጥብ ነው፣ ኅዳጉም ወደ ጫፍ ተገፍቷል። ፊደሉን 12 አድርጎ ኅዳጉን ሲመልሰው 190 ገጽ ሆነ። አሁን ቃል ነው የሚቆጥረው። ቃል አይጠብም፣ አይሰፋም። ብሩ ስንት ይሁን ለሚለው ሁለቱም ቁጥር አልሰጡኝም። አምስት ገጽ ስሠራ ሰዓት እንድይዝና የሰዓቴን ዋጋ ከራሴ ደመወዝ እንድነሳ ነገሩኝ። ያዝኩ። የባልደረባዬን ዓይነት ጽሑፍ በሰዓት ከአራት ገጽ በላይ አልገፋም።

6ኛውን ሳነብ ሆዴ ባባ። ጸሐፊው የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ አርትዖት ሠርቶ ጨረሰ። 300 ገጽ ገደማ ነው። ግማሹን በቀብድ ተቀብሏል። ቀሪውን ሥራውን ሲያስረክብ ሊቀበል ነበር። ፋይሉን ላከ። ከዚያ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ከወራት በኋላ ለገሐር አካባቢ ሲያልፍ መጽሐፉን አዟሪ እጅ ላይ አየው። በሙሉ ዋጋ ገዛው። ቤቱ ገብቶ ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ እርማቱ በሙሉ ገብቷል፤ እሱ የቀየረው የምዕራፍ ርዕስ ሳይቀር። አሁን ሥራውን ከሦስት ከፍሎ ነው የሚያስረክበው። የአንዱ ክፍል ክፍያ ሳይገባ ቀጣዩን አይልክም። ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ የሥራው ዓይነት፣ የቃሉ ብዛት፣ ስንት ዙር እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚከፈል። ከድርጅት ጋር ለመሥራት ካሰብኩ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስቀድሜ እንዳወጣ መከረኝ። ቲን ለሌለው ሰው ከክፍያው ላይ የሚቆረጠው ያማል።

7ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ሰውየው ይህን ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው ብሎ ጻፈ። የወረቀት ዋጋ አይቀመስም፣ የሚታተመው ቅጂ አንሷል፣ ደራሲው ከወንድሙ ተበድሮ ነው ማተሚያ ቤት የሚገባው። አርታኢ ከሁሉም በኋላ የሚታወስ ወጪ ነው። መምህርት ጠመኔዋን ይዛ ብትቀመጥ ይሻላታል ብሎ ዘጋው።

8ኛው ዝም አላለም። መጻሕፍታችን በግድፈት ተሞልተው የሚወጡት እንዲህ በሚያስቡ ሰዎች ምክንያት ነው ብሎ ተነሳ። ቀጥሎ ያነሳው ነጥብ ግን ከቁጣው ይበልጣል። መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። 212 ገጽ የሆነ መጽሐፍ 13 እጥፋት ሞልቶት አራት ገጽ ይተርፈዋል። ለአራቷ ገጽ ተጨማሪ ወረቀት ይገባል፣ በሺህ ቅጂ ሲባዛ ቀላል ወጪ አይደለም። አርታኢው ጽሑፉን ሳይጎዳ አራት ገጽ ቢያሳጥረው 208 ላይ ልክ ይገጥማል። ደራሲ ስለ ዋጋ ሲያጉረመርም ይህንን በወረቀት ላይ ያሰላለታል።

7ኛው ስለ እኔ የጻፈው አስቆጥቶኛል። ስለ ወረቀቱ ግን እውነቱን ነው። 9ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ናት፤ ሁለቱንም በረድ እንዲሉ ጠየቀች። በረድ አሉ።

10ኛው ከቨርጂኒያ መጣ። የአጎቱን ማስታወሻ ለኅትመት እያዘጋጀ ነው። አጎቱ አሜሪካ አርባ ዓመት ኖረዋል። አንዱ ምዕራፍ ላይ ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 1974 ነው ብለው ጽፈዋል። ሁለት ምዕራፍ አልፎ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 መዝመታቸውን ይተርካሉ። የመጀመሪያው በፈረንጅ፣ ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው። አንባቢ ካላወቀ ዘመቻው ከንጉሡ መውረድ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተካሄደ ይመስለዋል። ሰባት ወይም ስምንት እያሉ በጅምላ መቀነስም አያዋጣም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ወሩ ካልተጻፈ ደራሲውን መጠየቅ ግድ ነው። እሱ አሁን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የጊዜ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ በአንድ በኩል ዓመቱ፣ በሌላ በኩል የባለታሪኩ ዕድሜ። ዕድሜው ከዘለለ ወይ ከተመለሰ ስህተቱ እዚያ ነው።

11ኛው ሰዓት ጨመረበት። ከውጭ የሚመጣ ረቂቅ ላይ ጠዋት በ9 ሰዓት ቢሮ ገባሁ የሚል አይጠፋም። ያ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ 9 ሰዓት ሲል የሚያስበው ከሰዓት በኋላን ነው። ከዚያ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ ሄደ። ውጭ ሆናችሁ ለእናታችሁ ስትደውሉ በማን ሰዓት ነው የምትቀጣጠሩት የሚል ጨዋታ ተነሳ። ደስ ይል ነበር፣ ግን እዚህ አልደግመውም።

12ኛው የኮምፒውተር ነገር ያውቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ የኮምፒውተር ፊደሎች (ፎንቶች) የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ዛሬም ይመጣሉ። ያ ፊደል ኮምፒውተሬ ላይ ከሌለ የሚታየኝ የላቲን ፊደልና የምልክት ውርጅብኝ ነው። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ አለ፣ ግን አንዳንድ ፊደል በመንገድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ከቀየርኩ በኋላ ከደራሲው የታተመ ወረቀት ጋር እንዳመሳክር ነገረኝ። ደግሞ አራት ነጥብን በሁለት ጥንድ ነጥብ አስመስለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እሱን መጀመሪያ ማጽዳት ነው።

13ኛው ከዚህ ጋር የሚሄድ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ጊዜ ለመቆጠብ ብላ አለም የሚለውን በሙሉ ዓለም ብሎ እንዲተካ ኮምፒውተሩን አዘዘችው። በአንድ ቁልፍ ተተካ። አስረክባ ስታበቃ ደራሲው ደወለላት። አለምክንያት የሚለው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ በሙሉ ዓለምክንያት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ እያየች ነው የምትተካው።

14ኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ እንድሠራ መከረኝ። ተማሪ ቀነ ገደብ አለበት፣ ቶሎ ይከፍላል። 15ኛው አርትዖት ነው ወይስ ሙሉውን ጽፎ መስጠት ብሎ በቀጥታ ጠየቀው። 14ኛው ሸሸ። 15ኛው አለቀቀውም። ለተማሪ ጽፎ የሚሸጥ ሰው ራሱን አርታኢ ብሎ መጥራቱ ሙያውን እንደሚያዋርድ በጠንካራ ቃል ጻፈ። እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ጠዋት ክፍል ገብቼ ራሳችሁ ጻፉ የምል ሰው ነኝ። ማታ ለሌላው ተማሪ አልጽፍም። ቋንቋውን ማረም ግን መምህሩ እስካወቀ ድረስ ችግር የለውም።

ከ16 እስከ 18 ያለው የሞክሼ ፊደላት ጠብ ነው። ይህን ያልሰማ አማርኛ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። 16ኛው የቆሎ ተማሪ የነበረ ነው። ሠዓሊ ሥዕል የሚሥለው ነው፤ ሰአሊ ግን በግዕዝ ለምኚ ማለት ነው። ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ። ፊደሉን ያምታታ ሰው ትርጉሙንም አምታታ ባይ ነው። 17ኛው ተቃወመ። የዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን በድምፅ አይለይም፣ ከአውዱ ይረዳዋል፤ ሕፃናትን በዚህ ማሰቃየት ለምን? ቃላቱ እየከረሩ ሄዱ። እኔ ልቤ ወደ 16ኛው ያዘነብላል። ሥሩን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ሲያይ ዘመዶቹንም ያያል፣ ያ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ለሥራ የጠቀመኝ ግን 18ኛው ነው፤ 2ኛውን የጻፈችው አርታኢ ተመልሳ መጣች። እሷ አሸናፊ አትፈልግም። የምትፈልገው መጽሐፉ ከራሱ ጋር እንዲስማማ ነው። ገጽ 10 ላይ ሐሳብ፣ ገጽ 40 ላይ ሀሳብ ከሆነ አንባቢ ይሰናከላል። ሥራ ስትጀምር አንድ ገጽ ወረቀት ታወጣለች። አገር ወይስ ሀገር፣ ፀሐይ ወይስ ጸሐይ፣ ቁጥር በፊደል ወይስ በአኃዝ፣ ሁሉንም ከደራሲው ጋር ትወስንበታለች። ሲቸግራት የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 መዝገበ ቃላት ትገልጣለች። ደራሲው ከመዝገበ ቃላቱ የተለየ ከመረጠም ምርጫው የሱ ነው፤ እሷ የምትጠብቀው እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅበት ነው። ያንን ወረቀት ለባልደረባዬ መጽሐፍ ባወጣው ኖሮ ስንት ሌሊት በተረፈኝ።

19ኛው ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራል አለ። ሞከርኩት። አንድ ገጽ ሰጥቼው የፊደል ግድፈቱን የሚገባውን ያህል ለቀመ። ችግሩ ግድፈት የሌለበትንም ዓረፍተ ነገር ለስልሶ እንዲመጣ አደረገው። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ማውራት ጀመረ። ለዚህ ከ20ኛው የተሻለ መልስ የለኝም።

20ኛውን የጻፈው ደራሲ ነው። በቁጣ አልጻፈም፣ በሐዘን ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ ላይ የወሎ አያት አለች። ልጁ ሲታመም አብሽር የኔ ልጅ ትለዋለች። አርታኢው አይዞህ ልጄ አደረገው። ደራሲው ያየው ከታተመ በኋላ ነው። ያቺ ገጸ ባሕርይ የገዛ አያቱ ናት። በሕይወት ዘመኗ አይዞህ ብላው አታውቅም። ቃሉ ስህተት አልነበረም፤ አርታኢው ባደገበት ሰፈር የማይነገር ቃል ነው እንጂ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የባልደረባዬን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። የገበሬ ንግግር የመጽሐፍ አማርኛ ያደረግኩበትን ሁለት ቦታ አገኘሁ። ደውዬ ነገርኩት። ለሁለተኛው ኅትመት ይመለሳል።

21ኛዋ ከጅዳ ናት። ስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆና ኖራለች። ታሪኳን በስልኳ ትጽፋለች፣ ቴሌግራም ላይ ለራሷ እየላከች። ኮምፒውተር የላትም። ሥራ ፈላጊዎቹ እዚህ ከሆናችሁ እኔ የሚሠራልኝ ፈላጊ ነኝ ብላ ነው የገባችው። 22ኛው ማዳም (አሠሪዋ)፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ከፊል (ዋስ የሆነው አሠሪ) የሚሉት ቃላት ሁሉ ወደ አማርኛ ይመለሱ ብሎ መከራት። 23ኛው 3ኛውን የጻፉት እኒያ አባት ናቸው። ያቺ ሴት የኖረችው በእነዚያ ቃላት ውስጥ ነው፣ አይነኩባት አሉ። መጽሐፉ ሲቀናበር ሁለተኛ አንባቢ ሆነው እኔ ሳነብ እርሳስ ይዘው እንደሚከተሉም ቃል ገቡ፤ በስልክም ቢሆን።

ከመሀል ሦስት ገጽ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። ላከች። ይህን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። ነጠላ ሰረዝ የሚባል የለበትም፣ አንቀጽም የለውም። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ። ማዳምን ማዳም ብዬ ተውኩ፣ ኢቃማንም እንዲሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን አፌ ቆመ። ማዳም ስትጮህ ቤቱ ሁሉ ይሰማል ይላል። ሰ ከላላ ቤቱ በሙሉ ይሰማታል፣ ልጆቹም ባልየውም፣ ማንም ግን ብቅ አይልም። ከጠበቀ ድምፅዋ በየክፍሉ ይሰማል ማለት ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳት።

መልሱ የመጣው ዓርብ ነው፣ የእረፍት ቀኗ። የመጀመሪያው ነው አለችኝ። ሁሉም ቤት ውስጥ ነበሩ። እንደዚያ ከሆነ ሰምተው ዝም ይላሉ የሚል ይጨመርበት እንደሆነ ሐሳብ አቀረብኩ። አይሆንም አለች። እንዳለ ተውኩት። ቀብዱን እህቷ በቴሌብር ልካልኛለች፤ ሥራው የቋንቋ አርትዖት ነው፣ ክፍያው በሦስት ዙር፣ ውሉ አንድ ገጽ ተኩል።